አምቡላንሱ አልዱባ ነበር

ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጂንካ

ለክቡር አቶ መኮንን፣
የድንገተኛ ተሽከርካሪዎች መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና ጥፋት ስለማመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በስብሰባ ብዛት የሚያስቸግርዎ ወገብዎ ተሽሎዎት፣ ቤተሰብዎም ደህና ሆነው ይህ ደብዳቤ ቢደርስዎ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይህን ለወጉ ያህል የምጽፈው እንዳይመስልዎ፤ የታመመ ሰው በጊዜ ሐኪም ፊት መድረሱ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ በዚህ ዓመት በሚገባ ስለተማርኩ፣ ለማንም ሰው ጤና ስመኝ ከአፌ ብቻ አይደለም።

ለእርስዎ ራሴን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ ሕዝቅኤል ተረፈ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጂንካ ነው፤ በሚመሩት ማዕከል ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ማየት ነው። በስክሪኑ ላይ የደቡብ ኦሞ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አምቡላንስ ነው። ነጥቡ ሲንቀሳቀስ አምቡላንሱ እየሄደ ነው፣ ነጥቡ ሲቆም አምቡላንሱ ቆሟል። ይህን ለመረዳት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ተምሬያለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ላመሰግንዎ ስፈልግ ከረምኩ። በየጠዋቱ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላምታ ከመስጠት በቀር ቃል አልወጣኝም፤ ስለዚህ የማመሰግንባቸውን ነገሮች በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የአምቡላንስ መረጃ እንዳይወጣ ስላስተላለፉት ሰርኩላር አመሰግናለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሰርኩላሩ ያለ ምክንያት አልወጣም። ቀድሞ የስክሪኑ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ቤተሰቦች ተጣልተው በነበረ ጊዜ፣ የቆሰለ ሰው የጫነ አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከእኛው ክፍል ወሬ ወጣና፣ መንገድ ላይ በድንጋይ ጠብቀው የፊት መስታወቱን አረገፉት። ሹፌሩ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግንባራቸው ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለ። ስለዚህ የአምቡላንስ መገኛ እንደ ገበያ ወሬ አይዘራ ማለትዎ ትክክል ነበር፤ ይህን ዛሬም በማንም ፊት እመሰክርልዎታለሁ።

እርስዎ ግን ትክክለኛ ነገር ጀምሮ መሃል ላይ የሚተው ሰው አይደሉም። የአምቡላንስ መገኛ በስልክ ለማንም እንዳይነገር፣ ጠያቂው ማንም ይሁን ማን ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲልክ፣ ሹፌሮች በሥራ ላይ ስልካቸውን እንዲያጠፉ፣ አምቡላንሱ ከተመዘገበለት መስመር ወደ ኋላ ቢመለስ ወይም አንድ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ቢቆም መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ እንዲጮህ አዘዙ። በገጠር ያሉት ጤና ኬላዎች ማህተም የላቸውም። ማህተም ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ እሱም የሚገኘው ከእርሻው ሲመለስ ነው። ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው ብዬ እርስዎን ለመስደብ አልደፍርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚያዝያ 15 ቀን አመሰግናለሁ።

ማክሰኞ ነበር። በዚያ ጠዋት ሶሲ የምትባል የበና ሴት ምጥ ይዟት፣ ከአልዱባ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ጤና ኬላ መጣች። ጤና ኬላው አንድ ክፍል ነው፤ የምትሠራበትም አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ሙሉሽ ትባላለች። ሙሉሽና እኔ ጂንካ ስናድግ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ ድምጿን ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ሙሉሽ ሶሲን ስትመረምር ሕፃኑ በእግሩ እየመጣ መሆኑን አየችና፣ እዚያ ሊወለድ እንደማይገባ ስለተረዳች ወደ ስምሪት ክፍላችን ደወለች። ስምሪትም «ሁለተኛው አምቡላንስ ዲመካ በሽተኛ አድርሶ ባዶውን ሊመለስ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ አውጥታችሁ ጠብቁት» አላት። ለሹፌሩ ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ስልካቸውን ከማጥፋታቸው በፊት ያው ተነገራቸው።

ከዋናው መንገድ ወደዚያ ቀበሌ መኪና አይገባም፤ በእግር የሚወጣባቸው ሁለት መንገዶች ግን አሉ። አንደኛው አልዱባ አጠገብ ይወጣል፤ ሰዉ ላይኛው መውጫ ይለዋል። ሌላው ወደ ዲመካ አቅጣጫ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ እሱ ታችኛው መውጫ ነው። በየትኛው እንደሚጠባበቁ የተናገረ አልነበረም። ሙሉሽ ይህን ለመጠየቅ እንደገና ስትደውል የስምሪት ባለሙያው እርስዎ ወደሚመሩት ዎርክሾፕ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ለእኔ ደወለች። ረፋዱ ላይ ነው፤ አራት ሰዓት ከአሥር ይላል ስልኬ።

«ሕዝቅኤል፣ ሁለተኛው አምቡላንስ የት ደረሰ? በየት በኩል ላውጣት?» አለችኝ፤ ታለከልካለች።

ወደ ስክሪኑ ዞር አልኩ። ነጥቡ አልዱባ፣ ላይኛው መውጫ ላይ ቆሟል። እዚያ ከቆመ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። ምንም ነገር እንዲህ ቁልጭ ብሎ ታይቶኝ አያውቅም።

«የተሽከርካሪ መገኛ በስልክ አንሰጥም» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

«ተው እንጂ፤ ልጁ እኮ በእግሩ ነው የመጣው። ላይኛው ነው ታችኛው? አንዱን በለኝ በቃ።»

«ማህተም ያለበት ደብዳቤ ላኪ።»

«ከየት አምጥቼ? ሕዝቅኤል፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ሙሉሽ!»

«ማንነትሽን በስልክ ማረጋገጥ አልችልም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሰርኩላሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ቃል በቃል የተወሰደች ናት። ሳቋ ጠፍቶ፣ ለማታውቀው ሰው እንደምትናገር ሆና «እሺ፣ አስፈቅደህ ደውልልኝ። እዚህ ጉብታ ላይ እጠብቃለሁ፤ ከዚህ ከወረድኩ ኔትወርክ የለም» አለችኝ።

ላስፈቅድ ሮጥኩ። በእውነት ሮጥኩ፤ ከቢሯችን እስከ ሆቴሉ አዳራሽ ድረስ፣ በጂንካ ጭቃ፣ ጫማዬ እየተነቀለ። ይህን የምጽፈው ላስመሰግን ብዬ አይደለም። ሁለት ቃል ተናግሮ የሚያበቃ ሰው ላለመናገር ብሎ ሲሮጥ ምን እንደሚመስል እንዲያዩልኝ ነው። «ላይኛው መውጫ» ለማለት ከመቀመጫዬ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ዎርክሾፑ አመሰግናለሁ።

የዕለቱ ርዕስ፣ እንደሚያስታውሱት፣ ራሳቸውን የሚነዱ ተሽከርካሪዎችና አስተማማኝ የመረጃ ልውውጥ የሚል ነበር። እኛ ዞን ውስጥ ዝናብ ሲጥል ሹፌር ያለው መኪና እንኳ ወንዝ ዳር አድሮ እንደሚጠብቅ እያወቅን፣ ስለ ወደፊቱ አስቀድመን መዘጋጀታችን አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ስገባ መጋረጃው ተጋርዶ ፊልም እየታየ ነበር። በአንድ የሩቅ አገር ከተማ ውስጥ ሹፌር የሌላቸው መኪኖች ይርመሰመሳሉ፤ ከኋላ አምቡላንስ ይመጣል፤ አምቡላንሱ ያለበትን ቦታ ለመኪኖቹ ይነግራል፣ መኪኖቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ወዲያው ግራና ቀኝ ተከፍለው መንገድ ይለቃሉ፣ መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል። አቅራቢው ማንም የማያስፈልገውን መረጃ እንደማያገኝ፣ የሚያስፈልገው ግን በሰከንድ ውስጥ እንደሚያገኝ አስረዱ። ሰው የሌለባቸው ብረቶች ለታመመ ሰው ሲሉ ይነጋገራሉ።

ጎንበስ ብዬ በጆሮዎ «ጌታዬ፣ አልዱባ አካባቢ ምጥ የያዛት እናት አለች፤ የአምቡላንሱን መገኛ ለጤና ባለሙያዋ ልንገራት?» አልኩዎት።

«ከሻይ በኋላ» አሉኝ።

«አጣዳፊ ነው ጌታዬ።»

«ሕዝቅኤል፣ ተቀመጥ። እንግዶቹ እያዩን ነው።»

ተቀመጥኩ። አንድም ሰው ትከሻዬን አልያዘኝም፤ በሩም አልተዘጋም ነበር፤ ራሴ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ መንዘር ጀመረ። እርስዎ ዞር ብለው ሲያዩኝ አውጥቼ ድምፁንም ንዝረቱንም ዘጋሁት። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ለማንም፣ ለባለቤቴም ጭምር ነግሬ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ለእርስዎ ነው።

ሻይ ሲቀርብ እንደገና ቀረብኩዎት። «ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቧል?» አሉኝ። አልቀረበም አልኩ። «እንግዲያውስ እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» ብለው በደግነት ፈገግ አሉና የብስኩት ሳህን ዘረጉልኝ። አንድ ወሰድኩ። በላሁት።

ቢሮ ስመለስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኬ ላይ ስድስት ያልተነሱ ጥሪዎች አሉ፤ ሁሉም የሙሉሽ ናቸው። ነጥቡ ከአልዱባ ተነስቶ ወደ ቀይ አፈር ከተማ እየሄደ ነበር። መልሼ ስደውል የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለኝ።

በዚያ ሰዓት የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሙሉሽ ጉብታው ላይ ሠላሳ ደቂቃ ጠበቀች። ስድስት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ወርዳ፣ ሶሲን በቃሬዛ አድርገው የሶሲ ባል ጅሩና ሦስት ጎረቤቶቹ ተሸከሟት። ሙሉሽ ታችኛውን መውጫ መረጠች። ለምን እሱን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ ዓይኔን ሳታይ ነው የመለሰችልኝ፦

«ከዲመካ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ታችኛው ላይ ነው። አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰርኩላር ቢኖርም ባይኖርም፣ ሕዝቅኤል ይነግረኝ ነበር ብዬ ነው።»

ወደ ላይኛው መውጫ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ወደ ታችኛው፣ በቃሬዛ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ታችኛው መውጫ ላይ ሰው ስላላዩ አልፈው፣ በላይኛው ይመጣሉ ብለው ከግራር ጥላ ሥር ቆመው ወደ ቁጥቋጦው ሲያዩ ነበር። ተመልሰው ታችኛውን እንዳያዩ መሣሪያው ይጮኻል። እንዳይደውሉ ስልካቸው ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ሲሞላ መሣሪያው መጮህ ጀመረ፤ ሌላ መኪና አግኝተው ሄደው ይሆናል ብለው ተነሱ። እነ ሙሉሽ ታችኛው መውጫ ላይ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። በመጨረሻ ፍየል የጫነ አይሱዙ ከዲመካ መጣ። ሹፌሩ ፍየሎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍቶ ቦታ ሠራላት። ሕፃኑ ቀይ አፈር ሳይደርሱ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

ሶሲ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ ያመጣት ያው ሁለተኛው አምቡላንስ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ተርፋለች። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነገሩን ከሙሉሽ እንደሰሙ ቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጡ። ቁልፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንተ ታየኝ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል፤ እጃቸውን ግን አይሰጡኝም። ሙሉሽም እንደ ድሮዋ በስሜ አትጠራኝም፤ ስትደውል «ማዕከል ነው?» ትለኛለች።

አራተኛ፣ ስለ ሪፖርቱ አመሰግናለሁ።

የሚያዝያ ወርን ሪፖርት እንድጽፍ ሲያዙኝ፣ ያለ ፈቃድ የወጣ መረጃ በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ «ዜሮ» ብዬ ሞላሁ። ያጋጠመ ችግር በሚለው ሥር «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙበት። የጻፍኳቸው ሁለቱም ቃላት እውነት ናቸው፤ ከማዕከላችን ምንም አልወጣም። እኔም ያን ቀን ምንም ችግር አላጋጠመኝም። ችግሩ ያጋጠመው ሌላ ሰው ነው፤ ሠንጠረዡ ስለ እሱ አይጠይቅም።

አምስተኛውን ቁጥር ልጽፍ ብዬ ተውኩት። የሚቀጥለው በምስጋና ውስጥ አይገባም።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጅሩ ወደ ማዕከላችን መጣ። የሶሲ ባል ነው፤ የሟቹ ሕፃን አባት። የመጣው ለብቻው ነው፤ በርኮታውን፣ ከእጁ የማትለየውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ይዞ፣ ፀጉሩን በሸክላ አፈር ተሠርቶ። ጥበቃው ጉዳይህ ምንድን ነው ሲለው «መኪና የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ወደ ክፍሌ አስገባሁት። ወንበር ሰጠሁት፤ በራሱ በርኮታ ላይ ተቀመጠ። አማርኛው ጥቂት ነው፤ የፈለገውን ለመጠየቅ ግን በቃው።

«ነርሷ ነገረችኝ። መኪና የምታይ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን አየህ?»

«አየሁ።»

«መኪና የት ነበር?»

ክቡር ሆይ፣ ጅሩ ደብዳቤ አልያዘም፤ ማህተም አልያዘም፤ ማንነቱንም አላረጋገጥኩም። «አልዱባ። ላይኛው መውጫ» አልኩት። መረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈቃድ አሳልፌ የሰጠሁት ያን ጊዜ ነው፤ በጥፋትነት ይመዝገብልኝ።

ጅሩ በጣቱ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። መንገዱን በልቡ እየሄደበት እንደሆነ ገባኝ።

«ላይኛው ቅርብ ነው» አለ።

ከዚያ «ለምን አልነገርካት?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለጠፋኝ ሰርኩላሩን ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ግን በሁለት እጁ ተቀብሎ ማህተሙን አየና መለሰልኝ።

«ብትነግራት ያስሩሃል?»

«አያስሩኝም።»

«ይመቱሃል?»

«አይመቱኝም።»

«ታዲያ?»

እውነተኛው መልስ በሚያዝያ ወር የደረጃ እድገቴ ጠረጴዛዎ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር የሚል ነው፤ ያን ለጅሩ በምን ቋንቋ ልንገረው? ሰርኩላሩን አጥፌ ወደ መሳቢያው መለስኩት። ጅሩ በርኮታውን አንስቶ «ሶሲ ደህና ናት» አለኝ። የመጣው እሷ ደህና መሆኗን ሊነግረኝ ይመስል፣ እኔን ሊያጽናና ይመስል። ወጥቶ ሄደ። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘግቼ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተቀመጥኩ፤ የማየው ስክሪን ሦስት ነጥብ ይዞ ከፊቴ ነበር።

አሁን ስለ እኔ የሚቀረውን ልናዘዝ። ከዚያ ማክሰኞ ስምንት ወር ቀድሞ ሁለት ገጽ ሐሳብ ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። በሐሳቡ መሠረት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስልክ ቁጥር በማዕከሉ ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዳቸው በየወሩ የሚለወጥ የሚስጥር ቃል ይሰጣል፤ ደውላ ቃሏን የተናገረች ባለሙያ ለእሷ በሽተኛ የተመደበውን አምቡላንስ ብቻ፣ በሽተኛዋ እስክትሳፈር ድረስ ብቻ፣ የት እንዳለ ይነገራታል፤ ማን ምን እንደጠየቀም ይመዘገባል። መንገድ ላይ ድንጋይ ይዞ የሚጠብቅ ሰው በዚህ መንገድ ምንም አያገኝም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ነው። እርስዎ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በኮሚቴ ይታይ» አሉኝ። ኮሚቴው አልተቀመጠም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ጎትጓች ሠራተኛ መባል አልፈለግሁም፤ ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እርስዎን የወቀስኩ በመሰልኩበት ቦታ ሁሉ ስሜን ከስምዎ ቀድሞ ያንብቡልኝ። እርስዎ ያን ቀን ነጥቡን አላዩም። ያየሁት እኔ ነኝ።

ከጅሩ ጋር ከተገናኘሁበት ሐሙስ ጀምሮ ሐሳቤን ያለ ኮሚቴ ሥራ ላይ አውያለሁ። ደብተር ገዝቻለሁ። ሃያ ሦስት የጤና ባለሙያዎችን ቁጥር መዝግቤ ለእያንዳንዳቸው ቃል ሰጥቻለሁ። ሙሉሽ ስትደውል ቃሏን ትናገራለች፣ እኔ ቦታውን እናገራለሁ፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎ ዘጠኝ ጊዜ መልሻለሁ፤ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። ይህን በግልጽ የምጽፈው ሰርኩላሩን መጣሴን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው እንዲሰሙት ብዬ ነው። የዲሲፕሊን ክስ ለመመሥረት ማስረጃ ካስፈለገዎ ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ማንበብ ለሚፈልግ ኃላፊ ማህተም አልጠይቅም። እኔን ከቦታው ማንሳት የእርስዎ ሥልጣን ነው። ደብተሩን ግን ከእኔ በኋላ ለሚቀመጠው ሰው እንዲያስረክቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምጠይቅዎ ሌላው ነገር ጥቂት ነው። ሰርኩላሩ ይሻሻል። ሹፌሮች ስልካቸውን ያብሩ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ተመልሰው ሰው ሲፈልጉ መሣሪያው አይጩህባቸው። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ መነገር ሲገባው ያልተነገረ መረጃ። በመጀመሪያው ረድፍ የሚሞላውን ቁጥር እኔ እሰጥዎታለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዘረጉልኝ ብስኩት፣ ወንበር ይዤ እንድቀመጥ ላዘዙበትም ቃል ከፍ ያለ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ክብርዎና ጤናዎ ሳይጓደል፣ መንገድ በወጡ ቁጥርም የት እንዳሉ የሚያውቅና የሚናገር ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዬን በእፍረት እዘጋለሁ።

የታዛዥነቱ ብዛት ያሳፈረው ሠራተኛዎ፣
ሕዝቅኤል ተረፈ

ግልባጭ፦
ለሙሉሽ፣ ጤና ኬላ
ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የሁለተኛው አምቡላንስ ሹፌር
ለጅሩና ለሶሲ፣ ሙሉሽ በቋንቋቸው እንድታነብላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትናንትናው ዕለት በጸሐፊዎ በኩል የላኩልኝ የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል። ማዕከላችን በመረጃ ጥበቃ አርአያ ሆኖ በመመረጡ፣ ሐምሌ 2 ቀን በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ሽልማቱን ስንቀበል ከእርስዎ ጎን ቆሜ ፎቶ እንድነሳ ስለፈለጉ አመሰግናለሁ። መምጣት አልችልም። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሁላችሁም አዳራሽ ስለምትሆኑ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።